በገራ መልካ ስሙ ያልተጠራው ሰው

ገራ መልካ የደረስነው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከአውቶቡሱ ከመውረዳችን በፊት ሁላችንም ከሙቀቱ የሚያቀዘቅዘንን የበረዶ ሰደሪያ ለበስን፣ ደረታችን ላይ የጠያቂ ባጃችንን ሰካን፣ ከዚያ እንደ ተማሪ በሰልፍ ቆምን። አሥራ ሁለት ነን። በዕድሜ ትንሿ እኔ ነኝ፤ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው።

ሕጉን የማያውቅ የለም። በጉብኝት ቀን ሦስት ጥያቄ ትጠይቃለህ። ሦስተኛውን ስትጠይቅ ባጁ አረንጓዴ ይበራል። ባጁ ሳይበራ አውቶቡስ ላይ የተመለሰ ጡረተኛ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል፣ ሁለት ማስጠንቀቂያ የነዋሪነት ካርድ ያዘጋል፣ ካርዱ የተዘጋበት ሰው ደግሞ ከተማ ውስጥ ቤት አይከራይም። የማወቅ ጉጉቱ ያለቀ ሰው ለከተማ ኑሮ አይሆንም ተብሎ ተወስኗል። ወደ ማረፊያ ይወሰዳል። ማረፊያ ጥሩ ነው ይላሉ። ከዚያ ተመልሶ ጥሩ ነው ያለኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ስለዚህ ሰው ጥያቄውን ከቤቱ አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ ልሳኑ፣ ድሮ የኬሚስትሪ አስተማሪ የነበሩ፣ ጥያቄያቸውን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ደረት ኪሳቸው ከተዋል።

«አንዱ ስለ ጣሪያው ነው፣ አንዱ ስለ ውኃው» አሉኝ መንገድ ላይ። «ሦስተኛው ከጠፋኝ ያው እንደ አምናው ‹ሽንት ቤቱ የት ነበር?› እላለሁ።»

«እሱም ይቆጠራል እንዴ?»

«ምነው አይቆጠር! ታሪክ እኮ ነው፣ ልጄ።»

ሳቅኩ። የሳቅኩት ግን ለይምሰል ነው።

ሠላሳ ዓመት ሊፍት ስጠግን የኖርኩ ሴት ነኝ። አርባኛ ፎቅ ላይ በገመድ ተንጠልጥዬ ምሳ በልቻለሁ፤ በቀላሉ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። እዚህ ጉዞ ላይ የተመዘገብኩት ግን ለካርድ ብዬ አይደለም። ገራ መልካ የተወለድኩባት ከተማ ናት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ተወላጅ በትምህርታዊ ጉብኝት ላይ አይፈቀድለትም። ደንቡ ላይ «ስሜት ዕውቀትን ያውካል» ተብሎ ተጽፏል። ቅጹ ላይ የትውልድ ቦታ በሚለው ፊት ለፊት አዲስ አበባ ብዬ ዋሸሁ። ከተያዝኩ ያለ ማስጠንቀቂያ ካርዴ ይዘጋል።

ያመጣኝ የጉብኝቱ መጽሔት ነው። ሽፋኑ ላይ «ገራ መልካ፦ እምቢ ያለው ሰው ከተማ» ይላል። እምቢ ያለው ሰው አባቴ ነው። አቶ ወንድይራድ ቱሉ፣ የከተማው የውኃ ፓምፕ ጠባቂ፤ የተመዘገብኩት በባሌ ስም ስለሆነ ማንም አላወቀኝም። የዛሬ አርባ አራት ዓመት ሙቀቱ ቆላውን ለሰው የማይሆን ባደረገው ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ በመኪና ተጭኖ ሲወጣ እሱ ብቻ ቀረ። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ልጆችን ማክሰኞ አወጡን፣ አዋቂዎችን ዓርብ። ቅዳሜ ጠዋት የሰፈራው ጣቢያ በር ላይ ቆሜ ከመኪና የሚወርደውን ሰው ፊት አንድ በአንድ አየሁ። የመጨረሻው ሰው ወርዶ ሲያልቅ ጎረቤቶቻችን «አባትሽ አልሄድም ብሎ ነው፤ ፓምፔን ጥዬ አልሄድም ብሎ ነው» አሉኝ።

እናቴ ቀድማ ሞታለች። ያለኝ እሱ ብቻ ነበር፤ እሱ ግን ከፓምፕ አሳነሰኝ። ይህን ቂም ይዤ አደግኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። ልጆቼ ስለ አያታቸው ሲጠይቁኝ «ፓምፕ ያገባ ሰው ነበር» ነው የምላቸው። አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ፈልጌ ነበር የመጣሁት፤ ለምን እንደቀረ።

ዶክተር ባሲጥ ከተማው መግቢያ ላይ ተቀበለን። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ድምፁ የለዘበ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው። የዕድር ሊቅ ነው። ዕድር ከቀረ ብዙ ዓመት ስላለፈው ዛሬ ሊቅ ያስፈልገዋል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ጠያቂዎች» አለን። «እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ አየሩ ይቻላል። እስከዚያ ድረስ ራሳችሁን አይደላችሁም።»

ከዚያ ለየአንዳንዳችን በክር የታሰረ ካርቶን አንገታችን ላይ አጠለቀልን። ካርቶኑ ላይ የድሮ ነዋሪ ስም አለ። ስሙ ሲጠራ «አለሁ» ማለት ነው። ለጋሽ ልሳኑ ወይዘሮ ዘሀራ የሚባሉ ሴት ደረሷቸው፤ ደስ አላቸው። ለእኔ አቶ ሙሄ ሰይድ ደረሰኝ። ሙሄን አውቀዋለሁ። ብየዳ ቤት ነበረው፤ እሳቱን ልናይ ስንጠጋ በጎማ ውኃ ያባርረን ነበር። ካርቶኑን በሁለት እጄ ያዝኩት።

መንገዱ ተጠርጓል። ቤቶቹ እንደነበሩ ናቸው፤ መስኮቶቹ ብቻ በጣውላ ተመትተዋል። በየማዕዘኑ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፤ የከተማዋን ድምፅ ያሰማል። የወፍጮ ድምፅ አለ፣ የባጃጅ ድምፅ አለ፣ የልጆች ጫጫታ አለ። ልጆቹ ከሌላ ከተማ የተቀዱ እንደሆኑ ወዲያው ገባኝ። እኛ ስንጫወት እንደዚያ አንልም ነበር። ሌሎቹ ግን እየሰሙ ፈገግ ይላሉ፤ አንዲት ሴትዮ ዓይኗን ጨፍና «እንዴት ያሉ ልጆች ነበሩ!» አለች።

ጋሽ ልሳኑ ስለ ጣሪያው ጠየቁ።

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ቤታችን አለ። ቢጫ ገመድ ተወጥሮበታል። በሩ ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ቡናማ ነው። የታችኛውን ግማሽ ትንሽ ልጅ ሳለሁ የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ በላይ እጄ አልደረሰም፣ አባቴም «ተይው፣ ስታድጊ ትጨርሺዋለሽ» አለኝ።

«ሁለቱን ቀለም ልብ በሉ» አለ ዶክተር ባሲጥ። «የውኃ ሠራተኞች የሙያ ምልክት እንደሆነ ይገመታል። ውኃና መሬት።»

ሁሉም ጻፉ። እኔ አልጻፍኩም።

«ውስጥ ምን ተገኘ?» አልኩት። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ።

«ግሩም ጥያቄ። አጥኚዎች የመጡት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። አልጋ፣ ከዘራ፣ ባዶ ጀሪካን። ሰው አልተገኘም። ወደ ወንዙ ወርዶ ይሆናል።»

ወንዙ የደረቀው እኛ ከመውጣታችን በፊት ነው። ባጄ አንድ ቆጠረ።

ከዚያ የዕድሩ አዳራሽ ገባን። በቆርቆሮ የተሠራ ረጅም ቤት ነው፤ ውስጡ አግዳሚ ወንበሮች፣ ከፊት ለፊት የጸሐፊው ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ በመስታወት የተሸፈነ መዝገብ። ካርቶናችንን አንጠልጥለን ተቀመጥን፤ ዶክተር ባሲጥም ትምህርቱን ጀመረ። ጎበዝ ነው፤ ይህን ልክደው አልችልም። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ማለዳ በየመንደሩ እየዞረ እንዴት እንደሚለፍፍ በአፉ እየነፋ አሳየን። ቀብር ላይ ስም እንደሚጠራ ነገረን። መምጣት ያልቻለ ሰው ከቀብሩ በፊት መልእክት ይልካል፤ ጸሐፊው ከስሙ ጎን ሰማያዊ ነጥብ ያደርግለታል፤ በዚህ ያበቃል።

«በሙቀቱ ዘመን ግን ሞት በዛ» አለ። «አንዳንዴ በቀን ሦስት ቀብር ነበር። ሰው መውጣት ታከተው። ስለዚህ ደንቡን አጠበቁት። መልእክት ሳይልክ የቀረ ሰው ስሙ በቀይ ይሰረዛል። ራሱ እዚህ አዳራሽ መጥቶ፣ ከዚህ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ስሙን እስኪያስመዘግብ ድረስ በምንም ጉዳይ አይጠራም።»

ጋሽ ልሳኑ እጃቸውን አወጡ። «ሕዝቡ በወጣበት በዓርቡ ዕለት ማን ምኑን ይዞ ነው ሰው የቆጠረው?»

ይህ ወረቀታቸው ላይ አልነበረም፤ ሰውዬው ሳያስቡት የምራቸውን ጠየቁ።

«የመንግሥቱ መዝገብ ጠፍቶ ስለነበር በዕድሩ መዝገብ ነው የተጠራው» አለ ዶክተር ባሲጥ። «ሌላ ከተማ ላይ ሰው መኪና ላይ ሲጋፋ ተረጋግጦ አልቆ ነበርና ትእዛዙ ጥብቅ ነበር። ስማችሁ ሲጠራ ውጡ፣ ስሙ ያልተጠራ ከቤቱ እንዳይወጣ። በድምፅ ማጉያ በየመንደሩ ተጠራ። ስሙ ተጠርቶ ያልመለሰ ሰው ከተገኘ ደግሞ ማንም ቁጭ አይልም፤ ሁሉም ተነሥቶ ቤቱ ይሄዳል። ሁለት የአልጋ ቁራኛ አሮጊቶች በዚህ መንገድ በሸክም ወጥተዋል። በመጨረሻ አራት መቶ አሥራ ሁለት ስም፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። ቁጥሩ ልክ ገጠመ፤ መኪናዎቹም ሄዱ።»

ከዚያ የእኛን ስሞች ጠራ። ወይዘሮ ዘሀራ። አለሁ። አቶ ሙሄ ሰይድ።

«አለሁ» አልኩ።

ቀጥሎ የጉብኝቱ ዋና ነገር መጣ። ወደ ጠረጴዛው ጠራን። መስታወቱ ሥር የተከፈተው ገጽ ላይ፣ በቀይ መስመር ተሰርዞ፣ የአባቴ ስም አለ።

«እምቢ ያለው ሰው ይህ ነው» አለ ዶክተር ባሲጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከመውጫው ሦስት ቀን በፊት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ከዕድሩ ተሰርዟል። መንግሥትን እምቢ ከማለቱ በፊት ማኅበሩን ትቷል ማለት ነው። አሁን ግድግዳውን እዩልኝ።»

ከጠረጴዛው ጎን ባለው ግድግዳ ላይ በከሰል የተጻፈ ጽሑፍ አለ። ስምና ቀን። ወንድይራድ ቱሉ፣ ቅዳሜ። ወንድይራድ ቱሉ፣ እሑድ። ወንድይራድ ቱሉ፣ ሰኞ። እንዲህ እያለ አሥራ ዘጠኝ ቀን።

«ሕዝቡ ከወጣ በኋላ በየቀኑ እየመጣ ስሙን ጽፏል። ባዶ ከተማ ውስጥ፣ ማንም ለማያየው። መጽሐፌ ላይ የመጨረሻው የባለቤትነት ፊርማ ብዬዋለሁ። ከተማዋ የእኔ ናት እያለ ነው።»

አንድ ሰው አጨበጨበ። ሴትዮዋ ዓይኗን ጠረገች።

የአባቴ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ‹ቱ›ን ሁልጊዜ አጣሞ ነው የሚጽፋት። የመጀመሪያዎቹ ቆሞ የጻፋቸው ናቸው፤ ከእኔ ትከሻ በላይ ናቸው። ከዚያ እየወረዱ ይሄዳሉ። የመጨረሻዎቹ አራቱ ከወለሉ ክንድ አይርቁም። መሬት ተቀምጦ፣ ምናልባትም ተኝቶ የጻፋቸው ናቸው። ከተማዋ የእኔ ናት የሚል ሰው እንዲህ አይጽፍም።

«የማክሰኞው ቀብር የማን ነበር?» አልኩት።

ዶክተር ባሲጥ ገጹን አየ። «የአቶ ሙሄ ሰይድ እናት። የእርስዎ እናት ማለት ነው» አለና ካርቶኔን አሳይቶ ፈገግ አለ።

ጥሩምባው ያን ዕለት ማለዳ ተነፍቷል። ሁሉም ነገር አሁን ነው ትዝ ያለኝ። አባቴ ከአንድ ቀን በፊት በፓምፑ ትኩስ ቧንቧ እግሩ ተቃጥሎ በጨርቅ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ነው። ቦርሳዬን አዝሎኝ፣ ግንባሬን ስሞ፣ እንዲህ አለኝ፦ «ያምሮት፣ መጀመሪያ ጸሐፊው ዘንድ ሂጂ። ‹አባቴ እግሩ ተቃጥሏል፣ ቀብር አይደርስም ብሏል› በዪልኝ። ከዚያ ወደ መኪናሽ። እኔ ዓርብ እመጣለሁ።»

የጸሐፊው ቤት ከመስጊዱ ማዶ ነው። ጓደኛዬ ሰብሪና ደግሞ አውቶቡሱ ውስጥ የመስኮት ወንበር ይዛልኛለች። ሌላ ሰው ይነግርለታል አልኩ በልቤ። ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ። ወንበሩን አገኘሁት። መስኮቱ አይከፈትም ነበር።

አርባ አራት ዓመት ያን መልእክት አንድ ቀን አስታውሼው አላውቅም። የልጅ ነገር ነው፤ ስንት የተላክኩትን ሳላደርስ ቀርቻለሁ። አሁን ግን መስመሩ ቀይ ሆኖ ፊቴ ላይ ነው።

«ዓርብ ዕለት ስሙ ሳይጠራ ሲቀር ጎረቤቶቹ ምን አሉ?»

«ደስ የሚል ጥያቄ ነው» አለ ዶክተር ባሲጥ። «ሁለት ሰዎች ለጥናቴ ነግረውኛል። እናት የሌላት ልጅ ናትና ማክሰኞ ከልጁ ጋር የሄደ መስሏቸው ነበር።»

ባጄ አረንጓዴ በራ። ጋሽ ልሳኑ በክርናቸው ጎሸም አድርገው «ጎሽ፣ ጨረስሽ» አሉኝ።

ያን ቅዳሜ የሰፈራው ጣቢያ በር ላይ ብቻዬን ቆሜ ሲያዩኝ ነው ከልጁ ጋር አለመሄዱን ያወቁት። ለአንዲት ልጅ «ረስተነው መጣን» ማለት ከበዳቸው። አልፈርድባቸውም። እነሱ ውሸት የነገሩኝ ለእኔ አዝነው ነው፤ እኔ ግን በዚያ ውሸት ላይ ዕድሜዬን ሙሉ አባቴን ስረግም ኖርኩ።

ዝም ብል ባጄ በርቷል፣ ካርዴ ታድሷል፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። አባቴም በመጽሔት ሽፋን ላይ ጀግና ሆኖ ይቀራል። ይህን ሁሉ አሰብኩት፤ ያላሰብኩ አይምሰላችሁ።

«ዶክተር» አልኩ፣ «እምቢ አላለም።»

«ይቅርታ፣ ይህ ጥያቄ ነው?»

«ጥያቄዬን ጨርሻለሁ። መልእክት ነው። እኔ ያምሮት ወንድይራድ ነኝ። ልጁ ነኝ።»

ከውጭ የእነዚያ የተቀዱ ልጆች ጫጫታ ብቻ ይሰማል።

«ተወላጅ ነዎት?» አለ ዶክተር ባሲጥ።

«ነኝ። ከፈለግክ ጻፈው።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። እግሩን፣ መልእክቱን፣ ሰብሪናን፣ መስኮቱን። «ማኅበሩን አልተወም። ልኮኝ ነበር፤ ያላደረስኩት እኔ ነኝ። ዓርብ ዕለት ስሜ ይጠራል ብሎ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ሕግ አክባሪ ነበር። መኪናዎቹ ሲሄዱ ነው መሰረዙን ያወቀው። ከዚያ በነጋታው በዚያ እግሩ እየተጎተተ መጣ። አንተ ራስህ ነግረኸናል፤ የተሰረዘ ሰው እዚህ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ስሙን ያስመዘግባል። ጸሐፊ የለም። ግድግዳው ላይ ጻፈው። አሥራ ዘጠኝ ቀን። እንዲጠሩት ነው የፈለገው።»

ዶክተር ባሲጥ የጸሐፊው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጎብኚ እንዳይቀመጥበት ስንገባ ራሱ ከልክሎን ነበር።

«አሥራ አንድ ዓመት አጥንቼዋለሁ» አለ።

«እኔ አርባ አራት ዓመት ጠልቼዋለሁ» አልኩት።

ከዚያ ቁልፍ አውጥቶ መስታወቱን ከፈተ። ከደረት ኪሱ ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጣ።

«መልእክቱ በቃል ነው የሚነገረው» አለኝ ቀስ ብሎ። «እንደላኩዎት አድርገው ይንገሩኝ።»

ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ። እጆቼን ወደ ኋላዬ አድርጌ ኖሯል፤ ልጆች ጸሐፊው ዘንድ ሲላኩ እንደዚያ ነበር የሚቆሙት።

«አባቴ እግሩ ተቃጥሏል፣ ቀብር አይደርስም ብሏል።»

ከቀዩ መስመር ጎን ሰማያዊ ነጥብ አደረገ። እንባዬ ወረደ፤ አልጠረግኩትም።

«ጥራው» አልኩ።

ዶክተር ባሲጥ ብድግ አለ። «አቶ ወንድይራድ ቱሉ!»

ማንም አልመለሰም። የድምፅ ማጉያው ልጆች ሳይቀሩ የዚያን ሰዓት ዝም አሉ፤ ቅጂው አልቆ እንደገና ሊጀምር ይሆናል። ከሩቅ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል።

ጋሽ ልሳኑ ከአግዳሚው ተነሡ። ወረቀታቸው እጃቸው ውስጥ ተጨማድዷል።

«ተጠርቶ ያልመለሰ ሰው ቤቱ ይኬዳል» አሉ። «ብለኸናል።»

«ጋሼ፣ ሰዓቱ...»

«ብለኸናል፣ ልጄ። ማንም ቁጭ አይልም ብለኸናል።»

ሴትዮዋ ተነሣች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። የሌላ ሰው ስም አንገታችን ላይ ያንጠለጠልን አሥራ ሁለት ጡረተኞች ከአንድ ሊቅ ጋር በሰልፍ ከአዳራሹ ወጣን። ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ ወጥታለች። «ሰደሪያዬ መሞቅ ጀመረ» አለ አንዱ ከኋላ፤ ግን አልተመለሰም። አውቶቡሱ ደግሞ ጮኸ። ዶክተር ባሲጥ ቤታችን ደጅ ላይ ሲደርስ ቢጫውን ገመድ በገዛ እጁ ከፍ አድርጎ አሳለፈኝ።

ሰማያዊዋ ቀለም አሁን ከወገቤ በታች ናት። ጎንበስ ብዬ ነካኋት።

«ቤቶች!» አልኩ።

ሁሉም ከኋላዬ ቆሙ። «ቤቶች!» አሉ ጋሽ ልሳኑ። «ቤቶች!» አሉ ሌሎቹም፣ ተራ በተራ፣ ሰው ቤት ሲደርሱ እንደሚባለው።

«አባዬ» አልኩ፣ «እኔ ነኝ፣ ያምሮት። መልእክትህን አድርሻለሁ። ስምህ ተጠርቷል፤ አሁን ውጣ።»

በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ማንም አልገፋውም። ቆመን ጠበቅነው።